ግድግዳችንን ስታጠፉት ማንን ጠየቃችሁ? ለክፍለ ከተማችን የባህልና ኪነ ጥበብ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የክፍለ ከተማችን የባህልና ኪነ ጥበብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ለወረዳችን አስተዳደር፣
እንዲሁም ለሰፈራችን ነዋሪዎች፤

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታችን ይድረስዎ።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍልዎ የሰፈራችን የሥዕልና የቲያትር ቡድን አባላት ነን። 37 ነን። ከመካከላችን ዓይነ ስውራን አሉ፣ መስማት የተሳናቸው አሉ፣ በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ አሉ። ጎዳና ላይ ያደጉ ልጆች አሉ። ጉሊት የሚቸረችሩ እናቶች፣ ጡረታ የወጡ አባቶች፣ ገና ትምህርት ቤት ያሉ ተማሪዎችም አሉ። ሥዕል በትምህርት ቤት የተማረ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለን። እሱም አይሥልልንም፤ አብሮን ነው የሚሠራው።

እስካሁን አራት ደብዳቤ አስገብተናል። ማኅተም ያረፈባቸው ቀሪዎቹ በእጃችን አሉ። መልስ ግን የለም። በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድነው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ስለ ግድግዳው እንናገር። ሆዳችንን ያባባው እሱ ነው።

ግድግዳው ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለው ረጅሙ የግንብ አጥር ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ለዓመታት ቆሻሻ መጣያና መሽኛ ሆኖ ነበር የኖረው። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ለክትባት ሲመጡ አፍንጫቸውን ይዘው ነው የሚያልፉት። ያንን ቦታ መጀመሪያ ያጸዳነው እኛ ነን። በአካፋና በጋሪ አራት ቅዳሜ ፈጀብን። ከዚያ ወረዳውን ጠየቅን፣ በደብዳቤ ተፈቀደልን። የፈቃዱ ቁጥርና ቀን እኛ ጋ አለ።

ሥራውን የጀመርነው ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት በዋለ በሳምንቱ ነው። የጨረስነው በዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ።

ስንጀምር ያሰብነው ተራ ሥዕል ነበር። ብሩሽና ቀለም ብቻ። ሐሳቡን የለወጡት ድሮ ግንበኛ የነበሩ፣ በስኳር በሽታ የዓይናቸውን ብርሃን ያጡ አባታችን ናቸው። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «እኔ የማላየውን ነገር ነው ከናንተ ጋር የምሠራው?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። የሚመልስ ሰው ጠፋ። በሚቀጥለው ቅዳሜ መልሱን ራሳቸው ይዘው መጡ። ሲሚንቶና አሸዋ እናቡካ፣ ግድግዳው ላይ ከፍ ዝቅ እያደረግን እንሥራው፣ በእጅ የሚነበብ ይሁን አሉን። ልስኑን ያስተማሩንም እሳቸው ናቸው። ስንት በስንት እንደሚቦካ፣ በምን ያህል ውፍረት እንደሚለጠፍ፣ መቼ ውኃ እንደሚጠጣ። ልጆቹ ያቦካሉ፣ እሳቸው በጣታቸው ነክተው «ቀጥኗል፣ ጨምሩ» ይላሉ።

ለጌጡ ደግሞ ገል ሰበሰብን። የተሰበረ ጀበና፣ የስኒ ስብርባሪ፣ የምጣድ ገል። ቤት ለቤት ዞረን ነው የለመንነው። የትኛው ገል ዝናብ እንደሚችል፣ የትኛው ቶሎ እንደሚፈረፈር እየመረጡ የሰጡን ሸክላ ሠሪዋ እናታችን ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንድንቆይ ይፍቀዱልን። በአገራችን ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው ምን ሲባል እንደኖረ ሁላችንም እናውቃለን። ቡዳ ተብሏል። ጠይብ ተብሎ ተገልሏል። በሠሩልን ጀበና ቡና እየጠጣን፣ በሠሩልን ምጣድ እንጀራ እየጋገርን፣ ከቤታቸው ግን አንገባም ነበር። እኚህ እናት በዚህ ሰፈር 26 ዓመት ኖረዋል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን ቡና ጠርተዋቸው የማያውቁ ጎረቤቶች ነበሯቸው። እነዚያው ጎረቤቶች ለግድግዳው ብለው አጠገባቸው ተቀምጠው ገል ሲመርጡ መዋል ጀመሩ። በሁለተኛው ወር ላይ ቡና ተጠሩ። ማንም ሰው ለማንም አልሰበከም። ሥልጠና የለ፣ አበል የለ። አንድ ሥራ አብረው ይዘው ስለነበር ብቻ ነው። በጽሕፈት ቤትዎ ዕቅድ ላይ «አካታችነት» የሚል ቃል አለ። እኛ ያየነው አካታችነት ይህ ነው።

ከግድግዳው መሐል አራት እጆች ነበሩ። ሐሳቡ መስማት የተሳናት እህታችን ነው። በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ፊደል በጣት ይጻፋል። የእጁ ቅርጽ ፊደሉን ያሳያል። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። እሷ በአራት እጅ «ጎረቤት» ብላ ጻፈች። እያንዳንዱ እጅ ከአንድ አባል እጅ ላይ በጀሶ የተቀዳ ነው። አንዱ የልብስ ሰፊው፣ አንዱ ሊስትሮ የሚሠራው ልጅ፣ አንዱ የሸክላ ሠሪዋ፣ አንዱ የራሷ። እንቅስቃሴውን በነጭ የስኒ ስብርባሪ መስመር አሳየነው። ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እዚያ ቆመው ጣታቸውን እያጣጠፉ ይለማመዱ ነበር። የጤና ጣቢያው የካርድ ክፍል ሠራተኛም መጥታ ሰላምታ ተማረች። አሁን መስማት የተሳነው ታካሚ ሲመጣ ወረቀትና እስክሪብቶ ከመፈለጓ በፊት በእጇ ሰላም ትላለች።

ግድግዳው አንድ ዓመት ከሁለት ወር ቆመ። በሰኔ ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሠራተኞች መጡ። መጀመሪያ ገሉን በመዶሻና በመሮ አራገፉት። እጆቹንም ሰበሯቸው። ከዚያ ዳር እስከ ዳር ግራጫ ቀለም በሮለር ቀቡት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አለቀ።

ግንበኛው አባታችን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገዳቸው በዚያ ነው። ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ነው የሚሄዱት። ትልቁን ጀበና ሲነኩ የቤታቸው መታጠፊያ እንደደረሰ ያውቃሉ። ያን ዕለት ማንም አልነገራቸውም። ጀበናውን አጡት። መታጠፊያውን አልፈው እስከ ዋናው አስፋልት ድረስ ሄዱ። መኪና ጡሩንባ ሲያንባርቅባቸው ሰምታ ሮጣ የያዘቻቸው ሽንኩርት የምትሸጠው እህታችን ናት። እጃቸው እስከ አንጓቸው ግራጫ ነበር። እሷ በነጠላዋ ልትጠርግላቸው ስትሞክር ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር።

ጽሕፈት ቤትዎን በአካል ቀርበን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «ለከተማው ገጽታ ሲባል ነው» የሚል ነው። እኛ የከተማውን ውበት አንቃወምም። ያንን ቦታ ከሽንት ያጸዳነው እኮ እኛው ነን። ቀለሙ ይቀየር ብትሉን እንቀይር ነበር። ግንቡ ይፈርሳል ብትሉን ደግሞ ቢያንስ አራቱን እጆች ነቅለን እናስቀምጥ ነበር። አንድ ስልክ መደወል ይበቃ ነበር። ፈቃድ ሰጪውም እናንተ፣ አጥፊውም እናንተ፤ በመሐል ግን ሠሪው አልተጠየቀም። ሥራው የአንድ የታወቀ ሠዓሊ ቢሆን ኖሮ ሳይጠየቅ ይጠፋ ነበር ወይ ብለን ራሳችንን እንጠይቃለን።

ሁለተኛው ጉዳያችን አዳራሹ ነው።

የምንለማመድበት የወረዳ አዳራሽ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። 34 ደረጃ አለው። ሊፍት የለም፣ ዊልቸር የሚወጣበት ራምፕም የለም። በዊልቸር የሚንቀሳቀሰውን ወንድማችንን ሁለት ዓመት ሙሉ ለአራት ተሸክመን አወጣነው። እሱ ተዋናይ ነው። ድምፁ አዳራሽ ይሞላል። ባለፈው ክረምት ደረጃው ረጥቦ ከተሸካሚዎቹ አንዱ አዳለጠው። ሁለቱም ወደቁ። ወንድማችን ክንዱ ተሰበረ። አጥንቱ ከዳነ በኋላም አልመጣም። «እናንተንም እሰብራለሁ» ነው ያለን።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና መንቀሳቀሻ እንዲኖረው ደንግጓል። እኛ ግን ሊፍት እንኳ አልጠየቅንም። የጠየቅነው በዚያው ሕንፃ ምድር ላይ ያለችውን፣ የተሰበረ ወንበርና የቆየ ፋይል የሚቀመጥባትን ክፍል ነው። ንብረት ክፍል ይጠየቅ ተባልን። ንብረት ክፍል ወደ ፋይናንስ መራን። ፋይናንስ ደግሞ ወደ እናንተ መለሰን። አሁን የምንለማመደው ሰፈራችን ያለው እድር ድንኳንና ድስት በሚያስቀምጥበት ቤት ውስጥ ነው። ለቅሶ ሲኖር ዕቃው ይወጣል፣ እኛም አብረን እንወጣለን። እድሩን ከልብ እናመሰግናለን፤ ሳይለመን ነው ቁልፉን የሰጠን።

ስለ ኅዳር 24ም መናገር አለብን። የዓለም አካል ጉዳተኞች ቀን በመጣ ቁጥር ስልካችን ይጮኻል። ባለፈው ጊዜ የ20 ደቂቃ ትያትር አዘጋጁ ተባልን። አንድ ወር ተዘጋጀን። ትያትሩ በንግግርም በምልክት ቋንቋም ነው የሚሄደው፤ ሁለቱም ካልተያያዙ ታሪኩ አይገባም። በዕለቱ ንግግሮች ረዘሙና ለኛ አምስት ደቂቃ ቀረ። አስተርጓሚ አልተቀጠረም። ስለዚህ ቀኑ ስለሚከበርላቸው ሰዎች ከመድረክ የተባለውን ሁሉ፣ መስማት የተሳናቸው አባሎቻችን ቁጭ ብለው አፍ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያዩት። ከኛ በፊት ለዘፈነው ድምፃዊ ተከፍሎታል። ለኛ ቲሸርትና አንድ አንድ ለስላሳ ተሰጠን። የሚመለሱበት የታክሲ ብር ያልነበራቸው ነበሩ፤ አዋጥተን ነው የሸኘናቸው።

ከሳምንት በኋላ ፎቷችን በሪፖርቱ ላይ ወጣ። የአካል ጉዳተኞች ተሳትፎ መረጋገጡን የሚገልጽ ጽሑፍ ከሥሩ ነበረው። እኛን ያመመን ገንዘቡ ብቻ አይደለም። እንግዳ ማድመቂያ ሆነን ተጠርተን፣ ሠሪ ሆነን ሳንታይ መመለሳችን ነው።

የድጋፍ ማመልከቻ ቅጹም እንዲሁ ነው። ቅጹ «የባለሙያው ስም» ይላል። አንድ መስመር ነው። የሠራተኛው የትምህርት ማስረጃ ይያያዝ ይላል። እኛ 37 ነን። ግማሾቻችን ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረስንም። የሥዕል ተመራቂው ወንድማችን በስሙ እንዲሞላ ምክር ተሰጠን። እሱ እምቢ አለ። «እኔ ብቻዬን ያልሠራሁትን በስሜ አላስመዘግብም» ብሎ ቅጹን መለሰ። እኛም ደገፍነው። አብሮ የተሠራ ሥራ የአንድ ሰው ስም ካልተለጠፈበት እንደ ጥበብ የማይቆጠርበት ምክንያት አይገባንም። የደብተራው ዜማ፣ የእስክስታው፣ የመሰንቆው፣ የሞሰቡ ባለቤት ማን ነው? ይህች አገር ብዙ ጥበቧን የያዘችው በጋራ ነው።

የጎዳና ላይ ትያትራችንንም በአጭሩ እናንሳ። ከተመልካቹ አንዱ ተነስቶ የተዋናዩን ቦታ የሚወስድበት፣ ታሪኩን በራሱ መንገድ የሚቀይርበት ትያትር ነው። ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦኣል ያስፋፋው ስልት ነው፣ በብዙ አገር ይሠራበታል። ጎዳና ላይ ያደጉ ልጆቻችን እንዴት ከቤት እንደወጡ ሲያሳዩ፣ አንድ አባት ከሕዝቡ መሐል ተነስቶ በታሪኩ ውስጥ ያለውን የእንጀራ አባት ቦታ ወስዶ ሲጫወት አይተናል። ሲጨርስ ቆሞ አለቀሰ። ይህን ሥራ በአውቶቡስ ማቆሚያው አካባቢ ለማሳየት በየጊዜው አዲስ ፈቃድ እንጠየቃለን። ፈቃዱ የሚመጣው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ሁለት ጊዜ በመሐል ተበተንን።

የተከበሩ ኃላፊ፣ ይህ ሥራ ከሜዳ የበቀለ አይደለም። በደርግ ዘመን በየቀበሌው ኪነት ነበር። ዓላማው ለፖለቲካ ነው፣ ይህን አንክድም። ቢሆንም የሰፈር ልጅ መድረክ የሚያገኝበት ክፍል፣ ከበሮና ክራር ነበረው፤ ስንት አርቲስት ከዚያ ወጣ። በፈረንጆቹ 1996 ደግሞ እንግሊዛዊው የዳንስ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ ትልቅ የዳንስ ትርኢት አሠራቸው። ከዚያ ሥራ አዱኛ የሚባለው የማኅበረሰብ ዳንስ ቡድን ተወለደ። ልጆቹ ለዓመታት ሠለጠኑ፣ እነሱም በተራቸው አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን አሠለጠኑ። ዛሬ በውጭ አገር መድረክ ጭምር የሚታወቁት ጁናይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ የዚያ ቡድን ፍሬ ናቸው። ፍካት ሰርከስንም ፒያሳ አካባቢ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሰፈር ልጆች ጋር ሲሠራ የኖረ፣ ሆስፒታል ድረስ ሄዶ የታመሙ ሕፃናትን የሚያጫውት ቡድን ነው። አንዳቸውም በአንድ ጀምበር አልቆሙም። የሚለማመዱበት ወለልና ጊዜ የሰጣቸው ሰው ስለነበረ ነው።

ሕጉም ከኛ ጋር ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 30 አካል ጉዳተኞች ጥበብ የማየት ብቻ ሳይሆን፣ የራሳቸውን የፈጠራ ችሎታ የማሳደግና የመጠቀም ዕድል እንዲኖራቸው ይደነግጋል። ይህም ለራሳቸው ጥቅም ብቻ ሳይሆን ማኅበረሰቡን ለማበልጸግ መሆኑን ይጨምራል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 91 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ኪነ ጥበብን የማስፋፋት ግዴታ ይጥልበታል። አቅም የሚለውን ቃል እናከብራለን። ባዶ ክፍል መክፈትና ስልክ መደወል ግን ከአቅም በላይ ነው ብለን አናምንም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህንን ነው።

ግድግዳው ይመለስልን። ቀለም፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋ አንጠይቅም፤ እሱን ከሰፈሩ እንሰበስባለን። የምንፈልገው በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድና፣ ከእንግዲህ ሥራው እንዲነሳ ሲታሰብ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት በጽሑፍ እንዲነገረን ነው። ይህ ለኛ ብቻ ሳይሆን በክፍለ ከተማው ውስጥ ነዋሪ አብሮ ለሠራው ማንኛውም የአደባባይ ሥራ ደንብ ይሁን።

ምድር ላይ ያለችው ክፍል ቅዳሜ ሙሉ ቀንና ማክሰኞ ከሰዓት ትፈቀድልን። ወንበሮቹን ራሳችን ጠግነን እንመልሳለን፤ አናጺ አለን።

ቡድናችንን ለመድረክ ስትጠሩ አስተርጓሚ ይቀጠር፣ የተባለው ሰዓት ይከበር፣ ለሌላው ባለሙያ እንደሚከፈለው ይከፈለን። በጀት የለም ከተባለም ከወር በፊት ይነገረን፤ መምጣት አለመምጣታችንን እኛ እንወስን።

የድጋፍ ቅጹ ላይ በጋራ የሚሠሩ ቡድኖች የሚሞሉት ቦታ ይጨመር። ከዲፕሎማ ይልቅ የተሠራው ሥራ ይታይ። ቅጹን ስታሻሽሉ አብረናችሁ ለመቀመጥ ዝግጁ ነን። ለጎዳና ትያትሩም በየጊዜው ሳይሆን በዓመት አንድ ጊዜ የሚታደስ ፈቃድ ይሰጠን።

የመጨረሻው ጥያቄያችን ለግንበኛው አባታችን ነው። ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ ሰው፣ እርስዎ ራስዎ ቢሆኑ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለናል፣ ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሆነውን ይንገራቸው፣ ይቅርታም ይጠይቃቸው። እስካሁን ከቢሮ ማንም አላናገራቸውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ልጅ እየመራቸው ነው።

መልስዎን እስከ መስከረም መጨረሻ በጽሑፍ እንጠብቃለን። ዘወትር ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በእድሩ ዕቃ ቤት እንገኛለን። ሠራተኞቹ ያራገፉትን ገል ልጆቹ በዚያው ቀን ማታ ለቅመውታል። ሁለት ማዳበሪያ ሞልቶ በሩ ጥግ ተቀምጧል። ከአራቱ እጆች የሊስትሮው ልጅ እጅ ብቻ ሳትሰበር ተገኝታለች።

ከአክብሮት ጋር፣

የሰፈሩ የሥዕልና የቲያትር ቡድን አስተባባሪ
የቡድኑ የምልክት ቋንቋ አስተማሪ
የቡድኑ ጸሐፊ፣ በ37ቱ አባላት ስም

ግልባጭ፦
ለወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት
ለወረዳው ምክር ቤት
ለሰፈሩ እድር ሊቀመንበር